ፍሌክሲብል ኮኔክሽን የሚባለው ውል የጋራ ሶላር ገቢን ምን ያህል ይነካል? ከመፈረማችን በፊት ምክራችሁን እንፈልጋለን

ሰሜን ኒውዮርክ
ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ኒውዮርክ የምንኖር 40 የምንሆን ቤተሰቦች በማኅበር ያጠራቀምነው ገንዘብ አለን። አሁን ከአንድ ዴቨሎፐር (ማመንጫውን ከሚገነባው ኩባንያ) ጋር በ5 ሜጋዋት ኮሚዩኒቲ ሶላር፣ ማለትም ምርቱ ለተመዝጋቢ ቤቶች በመብራት ቢል ክሬዲት በሚከፋፈል የጋራ የፀሐይ ማመንጫ ላይ ድርሻ ልንገዛ እየተነጋገርን ነው። መሬቱ ተይዟል፣ የከተማው ፈቃድም ወጥቷል። የቀረው ከመብራት ኩባንያው ጋር የሚፈረመው የግንኙነት ውል ነው።

ሁለት ምርጫ ቀርቦልናል። አንደኛው ሰብስቴሽኑ (የኩባንያው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) እንዲሻሻል ድርሻችንን፣ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር፣ ከፍለን ማሻሻያው እስኪያልቅ መጠበቅና ያለ ገደብ መገናኘት ነው። ሁለተኛው ፍሌክሲብል የሚሉት ነው። ማሻሻያው ሳይሠራ ቶሎ እንገናኛለን፤ ነገር ግን መስመሩ ሲጨናነቅ ኩባንያው ከርቀት ምርታችንን ይቀንሳል፣ ለተቀነሰውም አይከፍልም። ዴቨሎፐሩ "በዓመት 3 በመቶ ገደማ ነው፣ አያሳስባችሁ" ይላል። ማስረጃው ግን በአቀራረቡ ውስጥ የተጻፈች አንዲት መስመር ብቻ ናት። ከአባሎቻችን መካከል ሌሊት ታክሲ እየነዱ፣ ሆስፒታል በፈረቃ እየሠሩ ያጠራቀሙ አሉ። ሙያው ያላችሁ እባካችሁ በዝርዝር አስረዱን።

የመስመር መሐንዲስ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ምርት መቀነስ ለምን እንዳስፈለገ እንግባባ። እሱ ከገባን 3 በመቶው እውነት ይሁን አይሁን ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ።

ሶላራችሁ የሚገናኘው ከሰብስቴሽን ተነስቶ ወደ ቤቶችና ሱቆች በሚሄድ መስመር ላይ ነው። በአዘቦት ጊዜ ኃይሉ ከሰብስቴሽን ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። ፀሐይዋ በርትታ ሰፈሩ የሚጠቀመው ሲያንስ ግን የተረፈው ወደ ኋላ፣ ወደ ሰብስቴሽኑ ይመለሳል። የተመለሰው ከትራንስፎርመሩ አቅም ሊበልጥ ይችላል፤ የመስመሩን ቮልቴጅ ከሚፈቀደው በላይ ሊያነሳ ይችላል፤ ወይም የመስመሩ መከላከያ መሣሪያዎች ከተቃራኒ አቅጣጫ ለሚመጣ ኃይል የተዘጋጁ ላይሆኑ ይችላሉ። 2 ሚሊዮን የተባለው ወጪ ከእነዚህ የአንዱ ወይም የሁሉም መፍትሔ ነው። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ የቅነሳው ሰዓት ብዛት በዚህ ይወሰናል።

ኩባንያው ጥናት ሲሠራ የሚይዘው የዓመቱን ክፉ ሰዓት ነው፤ ማለትም የሰፈሩ የቀን ፍጆታ እጅግ ዝቅ ባለበት ሰዓት ሶላሩ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ። ብዙ ሰው ያ ሰዓት ጁላይ ላይ ይመስለዋል። አይደለም፤ ጁላይ ላይ ኤርኮንዲሽነሩ ሁሉ ስለሚሠራ ፍጆታው ከፍ ያለ ነው። በናንተ አካባቢ ክፉው ጊዜ ኤፕሪልና ሜይ ነው። ማሞቂያው ቀንሷል፣ ኤርኮንዲሽነሩ ገና አልተከፈተም፣ ፓኔል ደግሞ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል የተሻለ ያመነጫል። እሁድ ከሆነ ቢሮውም ፋብሪካውም ዝግ ነው። የኤፕሪል እሁድ እኩለ ቀን የናንተ ፈተና ናት።

እንዲህ ያለው ሰዓት በዓመት ውስጥ ጥቂት ስለሆነ ለጥቂት ሰዓት ብሎ ሚሊዮኖች ከማውጣት በዚያች ሰዓት ብቻ መቀነስ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በምህንድስና ትክክል ነው። እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ የሰዓቱ ድርሻና የኃይሉ ድርሻ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ በዓመት 100 ሰዓት ከ5 ሜጋዋት ወደ 2 ሜጋዋት ብትወርዱ 300 ሜጋዋት ሰዓት ታጣላችሁ። 100 ሰዓት ከዓመቱ ሰዓቶች 1 በመቶ ያህል ናት። 300 ሜጋዋት ሰዓት ግን በዓመት 8,000 ሜጋዋት ሰዓት ለሚያመነጭ ፕሮጀክት 3.75 በመቶ ነው። ምክንያቱም የሚቀነሰው ሁልጊዜ በደንብ በምታመርቱበት ሰዓት ነው። ስለዚህ "ከሰዓቱ 3 በመቶ" ነው ያሉት ወይስ "ከኃይሉ 3 በመቶ"? ይህን አስለዩ።

ሂሳብ በብዕር
የኃይል ፕሮጀክት ብድር ሲገመገም የሚታየውን ሂሳብ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው፣ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

ፕሮጀክቱ በዓመት 8 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል እንበል። የተመዝጋቢዎች ቅናሽ ተቀንሶ ለናንተ በአማካይ በኪሎዋት ሰዓት 10 ሳንቲም ይደርሳችኋል፤ 800,000 ዶላር። ለመሬት ኪራይ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጥገና፣ ለግብርና ለደንበኛ አስተዳደር 250,000 ይወጣል። ከብድር በፊት 550,000 ይቀራል።

አሁን ሁለቱን ምርጫዎች አስተያዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንፍሌሽን ሪዳክሽን አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ 5 ሜጋዋትና ከዚያ በታች ለሆኑ ፕሮጀክቶች የግንኙነት ማሻሻያ ወጪንም በታክስ ክሬዲቱ (ከግብር ላይ በሚቀነሰው ድጋፍ) ውስጥ እንዲቆጠር ፈቅዷል። የሠራተኛ ደመወዝ ደንቡን ላሟላ 30 በመቶ ነው። ስለዚህ 2 ሚሊዮኑ ክሬዲቱን ካገኛችሁበት በተግባር 1.4 ሚሊዮን ይሆናል። በሌላ በኩል የ3 በመቶ ቅነሳ በዓመት 24,000 ዶላር ነው፤ የ20 ዓመቱን በ7 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ስንመልሰው 254,000 ገደማ። ቅነሳው 12 በመቶ ቢሆን በዓመት 96,000፣ በዛሬ ዋጋ 1 ሚሊዮን ከ17 ሺህ ገደማ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ቅነሳው 16.5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። በዚህ ብቻ ከታየ ፍሌክሲብሉ በሰፊው ያሸንፋል።

ሰሜን ኒውዮርክ
እጅግ እናመሰግናለን። እንደዚህ ከሆነ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው? እስከ 16 በመቶ ድረስ የምንቋቋም ከሆነ እንፈርም ማለት ነው?

ሂሳብ በብዕር
አይደለም፣ ቆዩ። 16.5 በመቶው ፕሮጀክቱን በሙሉ በጥሬ ገንዘብ ለገነባ ሰው ነው። እናንተ ባንክ አለባችሁ።

ባንኩ ብዙ ጊዜ ከዕዳ ክፍያ በፊት ያለው ገንዘብ የዓመቱን ክፍያ 1.3 እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋል። 550,000 ለ1.3 ሲካፈል 423,000 ይሆናል፤ የዓመት የብድር ክፍያችሁ ይህ ነው። ያለ ቅነሳ የታሰበ ብድር ወስዳችሁ ቅነሳው 3 በመቶ ቢሆን እጥፉ ወደ 1.24 ይወርዳል። 12 በመቶ ቢሆን 454,000 ለ423,000፣ ማለትም 1.07 ብቻ። ያኔ አንድ ትልቅ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለመስመሩ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ) ተበላሽቶ አንድ ወር ቢቆም ክፍያ ማሟላት ሊያቅት ይችላል።

ዋናውን ነገር ላስቀምጠው። ብዙ የብድር ውሎች እጥፉ ከ1.2 በታች ከወረደ ለባለድርሻ ገንዘብ ማከፋፈልን ይከለክላሉ፤ የተረፈው ሁሉ መጠባበቂያ ሒሳብ ውስጥ ይቆለፋል። በዚህ ምሳሌ 1.2 ላይ የሚደረሰው ቅነሳው 5.3 በመቶ ሲሆን ነው። በወረቀት እስከ 16 በመቶ ያዋጣል የተባለው ፕሮጀክት ለማኅበሩ አባላት ትርፍ ማከፋፈል የሚያቆመው ከ5 በመቶ በኋላ ነው። ፕሮጀክቱ አልከሰረም፣ ባንኩም ገንዘቡን እያገኘ ነው፤ ቼክ የማይደርሰው ለናንተ ብቻ ነው። የዴቨሎፐሩ ትርፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግንባታው ሲያልቅ ተከፍሎ አልቋል። 3 በመቶ እያለ የሚያረጋጋችሁ ሰው ቅነሳው 6 በመቶ ቢሆን ምን እንደሚጎድልበት ጠይቁት።

ባንኩ አስቀድሞ 12 በመቶ ገምቶ ካበደራችሁም ሌላ ነገር አለ። ገቢው በ12 በመቶ ሲቀንስ ሊያበድራችሁ የሚችለው በ17 በመቶ ይቀንሳል፤ የመሬት ኪራዩና ኢንሹራንሱ አብረው አይቀንሱማ። ጉድለቱን የምትሞሉት ከማኅበሩ ካዝና ነው።

ፍራንክፈርት
እዚህ ጀርመን ያለውን ላካፍላችሁ፣ ትንሽ ያረጋጋችሁ ይሆናል። ከ2023 በፊት ለአነስተኛ ሶላሮች የ70 በመቶ ገደብ ነበር፤ ከተተከለው አቅም 70 በመቶ በላይ ወደ መብራት መረቡ ማስገባት አይቻልም ነበር። ሰው ሁሉ 30 በመቶ ገቢ የሚያጣ ይመስለው ነበር። በተግባር የሚጠፋው ከ2 እስከ 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ ፓኔል ከአቅሙ 70 በመቶ በላይ የሚያወጣበት ሰዓት ጥቂት ነውና። በፌብሩዋሪ 2025 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ ስማርት ቆጣሪና መቆጣጠሪያ ላልተገጠመላቸው አዳዲስ አነስተኛ ሶላሮች 60 በመቶ አድርጎታል፤ እሱም ቢሆን የሚያስቀረው የዓመት ኃይል ከ10 በመቶ በታች ነው።

ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ እኛ ጋ ገደቡ ቋሚ ስለሆነ ማንም ሰው በኤክሴል አስልቶ ያውቀዋል። የናንተ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ነው፤ የሚወሰነውም ጎረቤቶቻችሁ በሚጠቀሙት መብራት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቋሚ ገደብ ምርጫ አልቀረበላችሁም?

የመስመር መሐንዲስ
@ፍራንክፈርት ጥያቄህ ጥሩ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀችው ሊሚትድ ጄኔሬሽን ፕሮፋይል የሚባለው አሠራር ወደዚያ የቀረበ ነው። ፕሮጀክቱ በየወሩ፣ በየሰዓቱ ከዚህ በላይ አላስገባም ብሎ አስቀድሞ የጊዜ ሰሌዳ ያስገባል፤ ኤፕሪል እኩለ ቀን 2 ሜጋዋት፣ ጁላይ 5 ሜጋዋት እንደማለት። ከተለዋዋጩ ይልቅ ብዙ ኃይል ሊባክን ይችላል፣ ምክንያቱም መስመሩ ባልተጨናነቀበት ቀንም ገደቡ አለ። ባንክ ግን ይወደዋል፤ የመጨረሻው ቁጥር የታወቀ ነውና። ሰሜን ኒውዮርኮች፣ ኩባንያውን ይህን ጠይቁት። መልሱ አይሆንም ቢሆን እንኳ ጥያቄው የመስመሩን የሰዓት በሰዓት መረጃ እንዲያወጡ ያስገድዳቸዋል።

ደቡብ ለንደን
እንግሊዝ በዚህ ነገር ቀድማ ስለገባችበት ከስህተቱም ከእርማቱም የሚወሰድ አለ።

ኦርክኒ የሚባሉት የስኮትላንድ ደሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ዓይነቱ አሠራር ተጀመረ። ደሴቶቹ ከዋናው መሬት ጋር የሚገናኙበት ኬብል ሞልቶ ስለነበር አዲስ የሚገቡት ተርባይኖች "ቦታ ካለ አስገቡ፣ ከሌለ ቀንሱ" ተባሉ። ደንቡ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይቀነሳል የሚል ነው። ኤደይና ሩሴይ በተባሉት ትንንሽ ደሴቶች ሕዝቡ ራሱ የሚያስተዳድራቸው ባለ 900 ኪሎዋት ተርባይኖች ተሠሩ፤ ገቢው ለደሴቱ ልማት እንዲውል። ሕዝብ የሚያቋቁመው ፕሮጀክት ገንዘብ እስኪያሰባስብ፣ ስብሰባ እስኪያደርግ ይዘገያል፤ ስለዚህ ተራው መጨረሻ ላይ ሆነ፣ ሲቀነስም ቀዳሚው እሱ ሆነ። ኤደይ ላይ የሚባክነውን ኃይል ወደ ሃይድሮጅን ቀይሮ በመርከብ ወደ ከርክዎል የመውሰድ ፕሮጀክት የተጀመረው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን የማነሳው ነፋስና ሶላር አንድ ናቸው ለማለት ሳይሆን፣ የጋራ ፕሮጀክት በተራ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ ኋላ እንደሚቀር ለማሳየት ነው።

እርማቱ ደግሞ ይኸው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ኦፍጄም የሚባለው የኃይል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው ደንብ አዲስ የሚፈረም ተቀናሽ ግንኙነት ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ በዓመት ሊቀነስ የሚችለው ጣሪያ፣ እና ቅነሳው የሚያበቃበት ቀን። ከጣሪያው በላይ ከተቀነሰ ወጪው የመረቡ ኩባንያ ነው። ማለት ኩባንያው መስመሩን ሳያሻሽል ለዘላለም እየቀነሰ መኖር አይችልም። በናንተ ውል ውስጥ ጣሪያም ማብቂያ ቀንም ከሌለ፣ 3 በመቶው ተስፋ እንጂ ውል አይደለም።

ሰሜን ኒውዮርክ
ጣሪያም ማብቂያ ቀንም የለውም። ረቂቁን ዛሬ ከእህታችን ጠበቃ ጋር አነበብነው። "ኩባንያው በራሱ ውሳኔ አስፈላጊ ሆኖ ባገኘው መጠን" ነው የሚለው። ስለ ቅደም ተከተልም ምንም አልተጻፈም።

የመስመር መሐንዲስ
ቅደም ተከተሉን ሳታስጽፉ አትፈርሙ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለንደን የጠቀሰው ነው፤ መጨረሻ የገባ ቀድሞ ይቀነሳል። በዚህ ከናንተ በኋላ የሚመጣ ፕሮጀክት አይጎዳችሁም። ሌላው በእኩል መጠን መካፈል ነው፤ ሁሉም ፍሌክሲብል ፕሮጀክት እኩል ይቀነሳል። ሁለተኛው ለመጪው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለናንተ ግን ዛሬ 3 በመቶ የነበረው ሁለት ፕሮጀክት ሲጨመር 8 ሊሆን ይችላል፣ እናንተም ምንም ማድረግ አትችሉም።

ማንም የማያነሳው ደግሞ የጣሪያ ሶላር ነው። ሰው ቤቱ ላይ የሚተክለው ትንሽ ሶላር በቀላል ማመልከቻ ስለሚገናኝ በዚህ ቅነሳ ውስጥ አይገባም። ሰፈሩ ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት ቤቶች በተከሉ ቁጥር የኤፕሪል እኩለ ቀን ፍጆታ ይወርዳል፤ የወረደውን ያህል የሚቀነሰው ከናንተ ላይ ነው። ቅደም ተከተል ከዚህ አያድናችሁም። መስመሩ ላይ ያለ ፋብሪካ ቢዘጋም እንዲሁ። በተቃራኒው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ወይም ቀን ቀን የሚሠራ ማቀዝቀዣ መጋዘን ቢመጣ ቅነሳችሁ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ግምት ብቻ አትቀበሉ። የ5ኛውንና የ10ኛውን ዓመት ግምት፣ የጣሪያ ሶላር ዕድገት ታስቦበት፣ ይሥሩላችሁ።

ሜሪላንድ ተመዝጋቢ
ይቅርታ፣ እኔ ባለድርሻ አይደለሁም፤ የኮሚዩኒቲ ሶላር ተመዝጋቢ ነኝ። እንዲህ ያለ ቅነሳ ሲኖር የኔ ቢል ይጨምራል ማለት ነው?

ሂሳብ በብዕር
እህቴ፣ ብዙም አይጨምርም። ያንቺ ክሬዲት የሚመጣው ከተመረተው ኃይል ድርሻሽ ነው። ምርት ሲቀንስ ክሬዲቱም ለሱ የምትከፍዪውም አብረው ይቀንሳሉ። የምታጪው ከቅናሹ ጥቂቱን ነው። በወር 100 ዶላር ክሬዲት መጥቶ 90 የምትከፍዪ ከነበር 10 ዶላር ታተርፊያለሽ፤ በቅነሳ 88 ብቻ ቢመጣ ትርፍሽ 8.80 ነው። ለአንድ ቤት ትንሽ ናት። ሜሪላንድ ግን በ2023 ሕጓ ከፕሮጀክቱ ምርት ቢያንስ 40 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው እንዲደርስ አዛለች፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ኃይል በቀጥታ የነዚያ ሰዎች ቅናሽ ነው። ይህ በቅነሳ ክርክር ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ወገን ነው።

ዳላስ
እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ለምንድነው የጋራ ፕሮጀክት ይህን ስጋት የሚሸከመው? መስመሩ የኩባንያው ነው፣ ከመስመሩ በተቆጣጣሪ የተፈቀደለትን ትርፍ ያገኛል። ያለ ጣሪያ የሚቀንስ ውል መፈረም ማለት የነሱን የኢንቨስትመንት ጉድለት በናንተ ገንዘብ መሸፈን ነው። ከፍላችሁ ሙሉውን ግንኙነት ውሰዱ፤ ኒውዮርክ የማሻሻያ ወጪን በኋላ የሚመጡት እንዲጋሩ የሚያደርግ ደንብ አላት፣ ከከፈላችሁት የሚመለስ ሊኖር ይችላል።

ሂሳብ በብዕር
@ዳላስ የፍትሕ ነጥብህን እቀበላለሁ። ጊዜው ግን አይፈቅድም። በጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሶላር ግንባታውን እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ካልጀመረ፣ የታክስ ክሬዲቱን ለማግኘት እስከ 2027 መጨረሻ ኃይል ማመንጨት መጀመር አለበት። ሰብስቴሽን ማሻሻል ደግሞ ትራንስፎርመር ከማዘዝ ጀምሮ ዓመታት ይፈጃል። ፕሮጀክታቸው ለምሳሌ 12 ሚሊዮን ቢፈጅ 30 በመቶው 3.6 ሚሊዮን ነው። ቀኑ ካመለጠ የጠፋውን 3.6 ሚሊዮን ከላይ ካሰላናቸው የቅነሳ መጠኖች አንዱም አይደርስበትም። ከላይ 2 ሚሊዮኑን ወደ 1.4 ያወረድንበት ክሬዲትም አብሮ ይሄዳል። ይህ ክሬዲት በወጪ እንጂ በምርት ስለማይሰላ ቅነሳ አይነካውም። ስለዚህ በሰዓቱ ግንባታ ካልተጀመረ ጥያቄው ይፈረም አይፈረም ሳይሆን ምን አስጽፈው ይፈርሙ ነው።

ሳይት ቴክኒሻን
ከወረቀቱ ወጥቼ መሬት ላይ ያለውን ልንገራችሁ። የሶላር ጥገና ነው ሥራዬ።

ፍሌክሲብል ሳይት ላይ አንድ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለ። ከኩባንያው የሚመጣውን ትእዛዝ በሞደም ተቀብሎ ለኢንቨርተሮቹ ያስተላልፋል። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ሳጥኑ ለጥንቃቄ ሲባል ምርቱን አስቀድሞ ወደተወሰነ ዝቅተኛ መጠን ያወርዳል። በምንጠግነው አንድ ሳይት አርብ ማታ የምርቱ ገደብ ወደ አቅሙ 20 በመቶ ወረደ። ቅዳሜም እሁድም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስንደርስ ፊውዝ ደህና፣ ኢንቨርተር ደህና፣ መስመሩም አልተጨናነቀም። ችግሩ የሞደሙ ሲም ካርድ የዳታ ክፍያ ማለቁ ነበር። ለ5 ሜጋዋት ሳይት በፀደይ ሁለት ጥርት ያሉ ቀናት እንዲህ መዋል ወደ 50 ሜጋዋት ሰዓት ነው፤ በ10 ሳንቲም 5,000 ዶላር። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ "የመረብ ቅነሳ" ተብሎ ነው የተመዘገበው።

ስለዚህ ውላችሁ መስመር ተጨናንቆ የተቀነሰውንና ግንኙነት ጠፍቶ የተቀነሰውን ለያይቶ እንዲመዘግብ አድርጉ። ሁለት ሲም በሁለት የተለያየ ኔትወርክ አስገቡ፣ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ግንኙነት ሲጠፋ የሚወረድበት መጠንም የሚደራደሩበት ነው፤ ዜሮ ከሆነ እምቢ በሉ። የጥገና ውላችሁ ቅዳሜና እሁድን ይጨምር፤ የሚቀነሰው ዋናው ያኔ ነው።

ሰሜን ኒውዮርክ
ይህን ማንም አልነገረንም። እግዚአብሔር ይስጥልን። ባትሪ ብንጨምርስ? የሚቀነሰውን አጠራቅሞ ማታ መሸጥ አይቻልም?

ሂሳብ በብዕር
የሚቀነሰውን ለማዳን ብቻ አያዋጣም። 300 ሜጋዋት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ብታድኑ እንኳ በዓመት 30,000 ዶላር ነው። በአንድ ቀን 3 ሜጋዋትን ለሦስትና አራት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ደግሞ ሚሊዮኖች ነው። ባትሪ የሚያዋጣው ሌላ ገቢ ካለው ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ለኃይሉ የሚከፈለው ቫልዩ ስታክ በሚባለው ነው፤ ዋጋው ከክፍሎች ተደምሮ የሚሠራ ነው። የኃይሉ ክፍል በየሰዓቱ የገበያ ዋጋ ነው፤ በኤፕሪል እኩለ ቀን ርካሽ ስለሆነ በዚያ ሰዓት የሚቀነስባችሁ ከአማካዩ ያነሰ ዋጋ ያለው ነው፣ ይህ ለናንተ ይጠቅማል። የስርጭት መስመርን ጫና የሚያቃልለው ክፍል ደግሞ ከጁን 24 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባሉት የሥራ ቀናት፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ላለው ምርት ነው የሚከፈለው። ባትሪ በዚያ ሰዓት መሸጥ ከቻለ ያኔ ይታሰባል።

ከዚህ የተነሳ አንድ ነገር ውል ውስጥ ይግባ፦ በዚያ የበጋ መስኮት ውስጥ ቅነሳ እንዳይኖር። ያኔ ፍጆታ ከፍተኛ ስለሆነ ኩባንያው መስማማት ብዙ አይከብደውም፤ እናንተ ግን በዓመቱ ውድ የሆነውን ሰዓት ታስጠብቃላችሁ።

አዲስ አበባ ኢነርጂ
እዚህ አገር ቤት ከፀሐይ ሚኒ ግሪድ (ለአንድ መንደር ከሚሆን ትንሽ የመብራት መረብ) ጋር ስለምሠራ ክሩን በጉጉት ነው የተከታተልኩት። እኛ ጋ የሚቀንስ ኩባንያ የለም፣ ግን ችግሩ አለ፤ እኩለ ቀን ላይ ባትሪው ሞልቶ የሚጠቀም ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ራሱ ያመነጨውን ይገድባል። መንደሩ በብዛት መብራት የሚፈልገው ማታ ነው። መፍትሔው ወፍጮና የመስኖ ፓምፕ ቀን እንዲሠሩ ማድረግ ነው፤ ቀን ቀን ቅናሽ ታሪፍ ስንሰጥ የሚባክነው ይቀንሳል። እናንተም መስመሩ ላይ ካሉ ትልልቅ ተጠቃሚዎች ጋር ብትነጋገሩስ?

የመስመር መሐንዲስ
ከላይ ካልነው ሁሉ ርካሹ መፍትሔ ይሄ ነው። መስመራችሁ ላይ የወተት ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም የአውቶብስ ቻርጅ ማድረጊያ ካለ፣ በኤፕሪልና በሜይ ቅዳሜና እሁድ እኩለ ቀን እንዲሠሩ መስማማት ይቻላል። ለነሱ ትንሽ ክፍያ ብትሰጡ እንኳ ከጠፋው ኃይል ያነሰ ነው። ኩባንያው ግን ይህን በሶፍትዌሩ ውስጥ እንዲያየው ያስፈልጋል፤ የሚቀንሰው በትንበያ ሳይሆን በሰብስቴሽኑ ላይ በተለካው ከሆነ ወዲያው ይቆጠርላችኋል። "በትንበያ ነው ወይስ በልኬት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሰሜን ኒውዮርክ
ትናንት ማታ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ይህን ክር አትመን ለሁሉም አደልን። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በጽሑፍ የምንጠይቀውን አጽድቀናል፦ በዓመት ከኃይሉ 5 በመቶ የማይበልጥ ጣሪያ፣ ከዚያ በላይ ለሚቀነሰው ክፍያ፣ መጨረሻ የገባ ቀድሞ እንዲቀነስ፣ የበጋው መስኮት ነጻ እንዲሆን፣ ግንኙነት በጠፋ ጊዜ የሚወረድበት መጠን ከ2 ሜጋዋት እንዳያንስ፣ እና ያለፉት ዓመታት የመስመሩ የሰዓት በሰዓት ፍጆታ። ጣሪያውን ኩባንያው ካልተቀበለ ዴቨሎፐሩ ራሱ ከ5 በመቶ በላይ ያለውን ጉድለት ከራሱ ድርሻ እንዲሸፍን። እምቢ ካለ ገንዘባችን ማኅበሩ ውስጥ ይቆያል። ዴቨሎፐሩ ዛሬ ጠዋት የሰዓት በሰዓቱን ፋይል እንደሚልክ ተናግሯል።

የመስመር መሐንዲስ
ፋይሉ ሲደርሳችሁ ለእያንዳንዱ ዓመት 8,760 ረድፍ ይኖረዋል፤ የአንድ ዓመት ሰዓት ሁሉ ማለት ነው። ዝቅተኛውን ፍጆታ ስትፈልጉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ያለውን ብቻ ለዩ፤ የሌሊቱ ዝቅተኛ ለሶላር ምንም አይናገርም። ከዚያ የየሰዓቱን ፍጆታ ከናንተና በፊታችሁ ካሉት ሶላሮች ምርት ጋር አነጻጽሩት። ከ2020 የመጣ መረጃ ከሆነ አትቀበሉ፤ በኮቪድ ጊዜ የነበረው ፍጆታ የተዛባ ነው። ቢያንስ ሦስት የተለያየ ዓመት ይሁን። ፋይሉን እዚህ ላይ አትለጥፉት፣ ምናልባት የምስጢር ግዴታ ይኖርበታል፤ የኤፕሪልና የሜይን ዝቅተኛ ቁጥሮች ብቻ ጻፉልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።